ጾመኛ ነኝ ይል የነበረው በድሩ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሸህ ዩሱፍ፣ የቅሬያችን ሽማግሌዎች፣ አባቶቼ፣ ከሰንበቴ፣ ከጨፋ ሮቢት፣ ከባቲ ድረስ ሞተራችሁን አስነስታችሁ የደረሳችሁ ወንድሞቼ፣ አካም ጅርቱ? አላህ ለሁላችንም ሰብሩን ይስጠን። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐዩም በርትቷል፤ ብዙ አላቆማችሁም። ሸህ ዩሱፍ "ሸምሱ፣ ጓደኛው ነህ፣ ሁለት ቃል በል" ብለው ፈቅደውልኛል።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ንግግር አላውቅም። ግን በድሩና እኔ አንድ በረንዳ ላይ ነው ያረጀነው። እሱ በዚያ ጥግ ካርቡሬተር ፈትቶ፣ እኔ በዚህ ጥግ የተበሳ የጎማ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ቀኑን እያወራን ነው የምናመሸው። ስለዚህ እናገራለሁ። ለማወደስ ግን አይደለም የቆምኩት። አፍሬ ነው የቆምኩት። እናንተም አብራችሁኝ እንድታፍሩ እፈልጋለሁ። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።

ዛሬ ማለዳ የቅሬው ቀብር ጠሪ በየሰፈሩ ሲዞር ሰምታችኋል። "በድሩ ሙሀመድአሚን ወደ አኼራ ሄዷል፤ ቀብር ከዙሁር በኋላ ነው" አለ። ማን ወጣ? ብዙው ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ "የቱ በድሩ?" አለ። ከተማው የሚያውቀውን ሰው ስሙን አላወቀውም። ጠሪው ምን ያድርግ? ግራ ገባው። ተመልሶ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምሳ ነው፤ ምሳ ሞተ" አለ። ያኔ ከሚሴ ግልብጥ ብላ ወጣች። እኔ በጆሮዬ ሰማሁ። ባለቤቱ ዘይናም ከግቢዋ ሆና ሰማች።

ለቀብሩ እንኳ በስሙ ልንጠራው ያልቻልን ሰዎች ነን እኮ!

ከሩቅ የመጣችሁና ነገሩን የማታውቁ አላችሁ። "ምሳ" ምን ማለት ነው ትላላችሁ። ልንገራችሁ።

በድሩ የሞተር መካኒክ ነበር። ፍሬንም ይሠራል፣ ፍሪሲዮንም ይቀይራል፤ እጁ የታወቀው ግን በካርቡሬተር ነው። ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉባት ዕቃ ናት። ቤንዚኑ ከበዛ ሞተሯ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ነዳጁን ጭልጥ አድርጋ ትጠጣለች። አየሩ ከበዛ ትግላለች፣ ዳገት ላይ ትከዳለች። በድሩ መጀመሪያ በደንብ ያሞቃታል። ከዚያ ቀጭኗን ካቻቢቴ ያነሳና፣ "ጨል ጄዻ! ዝም በሉ፣ ልስማት!" ይላል። የአየሯን ብሎን ያጠብቃል፤ ሞተሯ ትደናቀፋለች። ያላላል፤ ድምጿ ይጠራል። ትንሽ ሲያልፍ ደግሞ ትወላገዳለች። በሁለቱ መሀል አንዲት ቦታ አለች፤ እሷን ይፈልጋል። ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን ታንኩ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ከዚያ ሚኒሞውን ዝቅ ያደርጋል፣ የተኛ ሕፃን እንደሚተነፍስ እስክትሆን ድረስ። ስንት ጊዜ አይታችሁታል እንዲህ ጎንበስ ብሎ? ስንቶቻችሁ ናችሁ ለወሬ አፋችሁን ከፍታችሁ "ጨል ጄዻ!" የተባላችሁ?

ሌላ መካኒክ ቢሆን እዚህ ላይ "ጨርሻለሁ፣ ሂድ" ይላል። በድሩ አይልም። "ሞተርህ የት ነው የምታድረው?" ይላል። ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ሌባ የሚያጣራ ነው የሚመስለው። "ደጋ ነው" ካልከው ዕቃውን ማዳበሪያ ውስጥ ይከታል፣ አሮጌ ሞተሩን ያስነሳል፣ ይከተልሃል። ለምን? ዳገቱን ስትወጣ አየሩ ይሳሳል። ከሚሴ ላይ ልክ የሆነችው ሞተር እዚያ ላይ ነዳጅ ይበዛባታል። ደጋ ላይ የተስተካከለችው ደግሞ ወደ ባቲ ስትወርድ ትግላለች። ስለዚህ እደጅህ ድረስ ይመጣና፣ ሞተርህ በምታድርበት አየር፣ እንደገና ያስተካክላታል። ካንዴላዋን ነቅሎ ያያል። ጠቁራ ከሆነ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ነጥታ ከሆነ ይጨምራል፤ የተቆላ ገብስ ከመሰለች "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ይመልሳታል። ያ ነዳጅ የጠፋበት ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ሰው ማደያ ደጅ ላይ ጀሪካኑን ይዞ ሲንጋጋ፣ የበድሩ እጅ የነካት ሞተር ሰንበቴ ደርሳ ተመልሳ፣ ነዳጅ ታንኩን ስትወዘውዘው ገና ይንቦጫቦጫል።

ታዲያ ጠዋት በረንዳው ላይ ሠርቶ ነው የሚነሳው። ደጋ ሲደርስ ስንት ሰዓት ይሆናል? ምሳ ሰዓት ነዋ! በኛ አገር ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ደጁ የቆመን ሰው ማን ያሳልፋል? "ወላሂ አትሄዳትም!" እየተባለ በእጅጌው ይጎተታል። ተጎተተ። በላ። ማናችን ነን ተጎትተን ያልበላነው?

አንድ ቀን በረንዳችን ላይ ተራ ከሚጠብቁት ሞተረኞች አንዱ፣ "እናንተ፣ በድሩ የሚያስተካክለው ካርቡሬተር መሰላችሁ? ድስት ነው እኮ!" አለ።

ሳቅን።

ማን እንዳለው አልናገርም። እዚሁ መሀላችሁ ቆሟል፣ አንገቱን ደፍቷል። እሱ ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? እሱ አንዴ ተናገረ፤ እኛ ነን ከተማውን ያዳረስነው። ከዚያ ቀን ወዲያ በድሩ "ምሳ" ሆነ። ሲመጣ "ምሳ ደረሰ!" ሞተሩን ሲያስነሳ "የማን ቤት ነው ዛሬ?" እሱም ይስቃል። የሚስቅ ሰው ደግሞ የሚያመው አይመስለንም።

አንዋር እዚህ አለህ። አንዋር፣ አትቀየመኝ፣ ልናገረው ነው። የአንዋር ቤት ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ሞተሩ ሽቅብ ስትወጣ ጥቁር ጭስ ስለምትተፋ፣ ገና ከታች ሳለ ሚስቱን ጎረቤቶቿ "መጣልሽ፣ ልብስሽን ከገመድ አውርጂ!" ይሏታል። በድሩ ሊሠራት ሄደ፤ እኔም የኋላ ጎማዋን ላይላት አብሬ ሄድኩ። እደጁ ላይ አስተካከላት። ጭሱ ጠፋ። አንዋር ከደስታው ብዛት ግቢውን በሞተር ይዞረው ጀመር፣ ዶሮው ሁሉ ተበተነ። ከዚያ ገባን። ትሪው ቀረበ፤ የማሽላ እንጀራ፣ ትኩስ ወጥ፣ በጎኑ እርጎ። በድሩ ቢስሚላህ ብሎ ቆርሶ ጠቀለለ። ይኼኔ አንዋር፣ እንግዳ ሊያጫውት ብሎ፣ ክፋት ሳያስብ፣ "በሉ ቅረቡ፣ ምሳ ምሳው ላይ ደርሷል!" አለ።

ሳቅን። ሚስቱም ከጓዳ ሳቀች። በድሩም ሳቀ።

እኔ ግን እጁን አየሁት። የጠቀለላትን ትሪው ዳር መልሶ አስቀመጣት። "ጠገብኩ፣ አልሐምዱሊላህ" አለ። ገና አንድ ጉርሻ አፉ ሳይገባ!

ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን አቁሞ ጠየቀኝ። "ሸምሱ፣ ሰው እውነት ለመብላት የምሄድ ይመስለዋል?" አለኝ። "ኧረ ተወው አቦ፣ ቀልድ ነው" አልኩት። ቀልድ ነው! እናንተም ብትጠየቁ ይኼንኑ ነበር የምትሉት። ሁላችንም እንላት የነበረችው ያቺው አንድ ቃል ናት። እሱ የጠየቀን ግን ስለ ቀልድ አልነበረም። ስለ ክብሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሄደበትን ቤት ሁሉ ጠይቁ። አንድም ቤት አልበላም። "ጾመኛ ነኝ" ይላል። ሰኞና ሐሙስ ሲሆን ሱና ነው ብለን እሺ አልን። ማክሰኞስ? ቅዳሜስ? "ቀዷ አለብኝ" ማለት ጀመረ። ባመለጠኝ ረመዳን ፈንታ ነው የምጾመው ማለቱ ነው። እና እኛ ዝም አልን? መች ዝም ብለን እናውቃለን! በረንዳው ላይ አዲስ ሳቅ ተገኘ። "በድሩ፣ ስንት ረመዳን ነው የበላኸው?" "ይኼ ሰውዬ ከተወለደ ጾሞ አያውቅም እንዴ?" "ምሳውን ረመዳንም አላስቀራትም ማለት ነው!"

ሳቅን። እሱ "አላህ ያውቃል" ብሎ ወደ ካርቡሬተሩ አጎነበሰ።

አባቶቼ፣ አሁን የምነግራችሁን እኔም ዛሬ ማለዳ ነው የሰማሁት። የከፈኑን ነገር ልጠይቅ ስሄድ ዘይና በር ላይ ቆማ ነገረችኝ። "ሸምሱ፣ በድሩ ስኳር ነበረበት" አለችኝ። "ከመቼ ወዲህ?" አልኳት። "ከቆየ፤ ለሰው እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው" አለች። ሐኪሙ ጾም ከልክሎታል። ምግብ በሰዓቱ ብላ፣ መድኃኒት ውጠህ ሆድህን ባዶ አታውለው ብሎታል። ረመዳን ሲመጣ መጾም ስለማይችል ያለቅስ ነበር አለችኝ። ላልጾመው ለእያንዳንዱ ቀን ደግሞ ምስኪን ያበላ ነበር። ሰምታችኋል? እኛ "ስንት ረመዳን በላህ?" እያልን ስንስቅበት፣ እሱ በየቀኑ ሌላ ሰው ያበላ ነበር። ከኛ መሀል ያውቅ የነበረ አለ? ማንም የለም። እንዳናውቅ ነበር የሚፈልገው።

"ታዲያ ለምን ጾመኛ ነኝ ይላል?" ብዬ ጠየቅኳት። ሞኝ ጥያቄ ነው። ዘይና ቀና ብላ አየችኝ። "ምን እያላችሁ እንደምትጠሩት አታውቅም?" አለችኝ። ራሷ መለሰችልኝ፤ "ሰው ቤት ገብቼ እየተሳቀብኝ ከምበላ ይቅርብኝ ይላል። ጾመኛ ነኝ ያለው ውሸት እንዳይሆንበት ደግሞ፣ ደጋ የሚወጣ ቀን ከሱብሂ በፊት ተነስቶ ጾሙን በልቡ ይነይታል። መድኃኒቱን ይውጣል፣ ይጾማል፣ ይሄዳል። እባክህ ደጋውን ተወው ስለው፣ የሰውን ሞተር ግማሽ ሠርቼ ልላክ እንዴ ይለኛል።"

እኛን ላለመዋሸት ጾመ። የምንስቅበትን እኛን!

ትናንትም ደጋ ነበር። ሠርቶ ጨረሰ። ብላ ተባለ፤ ጾመኛ ነኝ አለ፤ ቁልቁል ወረደ። የጨፋ ሜዳ ሲደርስ መንገድ ዳር አቆመ። ላብ ላብ ሳይለው፣ ዓይኑ ሳይጨልምበት አይቀርም። ሞተሩን ሳያጠፋ በእግሯ አቆማት። ከዚያ ታንኩ ላይ ደገፍ አለ። ጎንበስ ብሎ። ጆሮው ታንኩ ላይ ተለጥፎ።

መንገዱ ባዶ አልነበረም። ገበያተኛ ነበር። ሞተረኞች አለፉ፤ ከኛው በረንዳ የሚሠሩ። አዩት። "በድሩ ሞተር እያዳመጠ ነው" አሉ። ክላክስ ነፍተው "ምሳ! ምሳ!" ብለው ሰላም አሉት። ቀና አላለም። "ጨል ጄዻ እያለን ነው" ብለው፣ ስቀው፣ አለፉ።

እያዳመጠ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ከገበያ ፍየል እየነዳች የምትመለስ አንዲት ሴት መጣች። የቆላ ሴት ናት፤ በድሩን አታውቀውም፣ ቅጽል ስሙንም አልሰማችም። የታመመ ሰው አየች፣ ትከሻውን ነካችው፣ ጮኸች። ሰው ሲሰበሰብ ሞተሯ አሁንም እየሠራች ነበር አሉ። ሳትደናቀፍ። ሐኪም ቤት አደረሱት፤ አልተረፈም። ቀደም ብሎ ቢሆን፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ስኳር በዝቶበት፣ አንድ ጉርሻ፣ ይመልሰው ነበር አሉን። አንድ ጉርሻ! ሰው ካልበላ በእጅጌው የምንጎትተው እኛ፣ በመንገዳችን ዳር ሰው በአንድ ጉርሻ ሞተብን።

ያለፉት ልጆች ትናንት ማታ እኔ ዘንድ መጥተው አልቅሰዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ እናንተም እንዳትጠይቁኝ። እኔ በዚያ መንገድ አልነበርኩም። ብኖር ግን ምን የማደርግ ይመስላችኋል? ክላክስ ነፍቼ አልፍ ነበር። እናንተስ?

ቅድም ሸህ ዩሱፍ ጀናዛው ፊት ቆመው፣ "ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፤ የሌለው አፉ ይበለው" አሉ። ምን ብለን መለስን? "አፉ ብለነዋል!" አልን። በአንድ ድምፅ፣ መሬቱ እስኪርገበገብ። እኔም ጮኼ አልኩ፤ ካልኩ በኋላ አፌ መረረኝ። ምን አድርጎን ነው አፉ ያልነው? ምናችንን ወሰደ? ማንን አስቀየመ? አፉ መባል ያለብንስ እኛ አልነበርንም? ወደ ከፈኑ ዞሮ "በድሩ፣ አንተስ እነዚህን አፉ ትላቸዋለህ?" ብሎ የጠየቀልን ማን ነው? ቢጠየቅስ ምን ይል ነበር? እኔ እንጃ። ይስቅ ነበር መሰለኝ፣ እንደለመደው። ያ ሳቅ ደግሞ አፉ ማለት እንዳልነበረ ዛሬ ገብቶኛል።

ሸህ ዩሱፍን ጠይቄያቸዋለሁ። የሟች ሐቅ ወደ ወራሹ ይሄዳል ብለውኛል። ወራሹ ማን ናት? ዘይና ናት። ልጁ ቶይባ ናት። ዛሬ ጠዋት ለቅሶ ቤት ውስጥ አንዱ ሰውዬ ጎረቤቱን ጠቅ አድርጎ፣ "የምሳ ልጅ የትኛዋ ናት?" ሲል ሰምቻለሁ። ሰውዬው ከፍቶ አይደለም፤ ሌላ ስም ስለማያውቅ ነው። ልጅቷ ግን ሰምታለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። አባቷን ገና ሳንቀብር ያንን ስም አወረስናት። እለምናችኋለሁ፤ ትልቁንም ትንሹንም እለምናለሁ። ያቺን ልጅ ቶይባ በድሩ በሏት። ሌላ የሚላት ሰው ከኔ በረንዳ አይቀመጥ፤ ጎማውንም አልለጥፍለትም። ይኼን ያህል ነው የምችለው፤ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

ልጨርስ ነው። ከቤት ስንወጣ ዘይና አደራ ብላኛለች፤ እሱን አድርሼ እወርዳለሁ። "ሸምሱ፣ ከቀብር የሚመለሰውን ሰው ሁሉ ወደ ቤት ይዘህልኝ ና፤ ማንም ሳይበላ እንዳይሄድ" አለችኝ። "ዘይና፣ በምን ፊታችን?" አልኳት። እንባዋን በክንዷ ጠረገችና እንዲህ አለችኝ፤ "ከሩቅ ነው የመጡት፣ ሰዓቱም የምሳ ነው። በበድሩ ቤት ምሳ ሰዓት ላይ በመጣ ሰው አይሳቅም።"

በድሩ፣ ወንድሜ፣ ከበረንዳችን ተነስተህ ስትሄድ አንድ ቀን እንኳ ደህና ግባ ብዬህ አላውቅም፤ "የማን ቤት ነው ዛሬ?" ስልህ ነው የኖርኩት። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ኑር ያድርግልህ። ነጋያን ዴሚ፣ በሰላም ግባ። እኛ ቤትህ ምሳ ልንበላ እየሄድን ነው።